ሲቪን ለየሥራ ማስታወቂያው ለማስተካከል የትኛው ድረ ገጽ ወይም መተግበሪያ ይሻላል?

ጠያቂዋ (ማራኪ፣ ጎንደር)፦ ሰላም ለሁላችሁ። በአካውንቲንግ ከተመረቅኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ያንኑ አንድ ሲቪ ፒያሳ እያሳተምኩ ለባንኩም ለኤንጂኦውም አስገባሁ፤ የጠራኝ የለም። ትናንት በአንድ ሲቪ መሥሪያ ድረ ገጽ ሦስት ሰዓት ለፍቼ ላወርደው ስል በዶላር ክፈይ አለኝ። በጣም አዘንኩ። ነጻ የሆነ ታውቃላችሁ?

መልስ 1፦ አይዞሽ እህቴ። ካንቫ የሚባለው የዲዛይን ድረ ገጽ ያምራል፤ ግን ባለሁለት ዓምዱንና በሥዕል ያጌጠውን ተይው፣ ማመልከቻ የሚያጣሩ ሶፍትዌሮች ጽሑፉን ሊያዘበራርቁት ይችላሉ። እኔ በጉግል ዶክስ ነው የምጽፈው፤ በፒዲኤፍ በነጻ ይወርዳል።

መልስ 2፦ እኔ ማስታወቂያውንና ሲቪዬን ለቻትጂፒቲ ሰጥቼ «ምን ጎደለ?» እለዋለሁ። ስልክና አድራሻሽን ግን ቀድመሽ አውጪ። ደግሞ ሳታነቢ እንዳትልኪ! አንዴ ነክቼው የማላውቀውን ፒችትሪ የተባለ የሒሳብ ሶፍትዌር «በሚገባ ይችላል» ብሎ ጨመረልኝ። ቃለ መጠይቅ ላይ ቢጠይቁኝ ምን ልል ነበር?

ጠያቂዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ። አፓረንትሺፕ (የሥራ ልምምድ) የወጣሁ ጊዜ አዘዞ አንድ መጋዘን ውስጥ ሁለት ወር ንብረት ቆጥሬያለሁ፤ ሲቪዬ ላይ ግን የለም። አሁን ያየሁት ማስታወቂያ «ንብረት ቆጠራ» ይላል። ዛሬ ማታ ከላይ አስገባዋለሁ።