ኩዌከሮች «ለሦስት ዓመት አገልግዪ» አሉኝ፤ ምን ልበላቸው?

ቡና ቁርስ (ጠያቂ)

ሰላም ለቤቱ። ነገሩ ትንሽ ለየት ይላል፤ ሳትስቁ አንብቡልኝ።

የምኖረው ሰሜን እንግሊዝ ነው፤ የምሠራው የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት። ጥገኝነት ጠይቄ ወረቀቴን ስጠብቅ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ነፃ ምሳና የእንግሊዝኛ ትምህርት የሚሰጡን ኩዌከሮች (እዚሁ እንግሊዝ ከክርስትና የተነሣ የሃይማኖት ማኅበር ናቸው) ነበሩ። ወረቀቱ ከመጣ በኋላም እግሬ አልቀረም። የእኛ ቤተ ክርስቲያን በሁለት ባቡር ነው የሚደረሰው። ቅዳሴ ያልደረስኩ እሑድ እነሱ ጋ ሄጄ እቀመጣለሁ። ቄስ የለ፣ መዝሙር የለ። ክብ ሠርተው አንድ ሰዓት ያህል ዝም ይላሉ። ልቡ የተነሣሣ ሰው ካለ ብድግ ብሎ ሁለት ሦስት ነገር ይናገርና ይቀመጣል። መጨረሻ ላይ ሁለት ሰዎች ሲጨባበጡ አለቀ ማለት ነው። ከዚያ ሻይ።

ባለፈው እሑድ ሻዩ ላይ አንዲት ትልቅ ሴትዮ ወደ ጥግ ወሰዱኝና «አስመራጭ ኮሚቴው ስምሽን አንሥቷል። መስተንግዶውን ለሦስት ዓመት ብትይዢ ምን ይመስልሻል? አስቢበት» አሉኝ። እኔ ያው ይሉኝታ፤ አፌ ላይ የመጣው «እሺ፣ ደስ ይለኛል» ነበር። ቤት ስገባ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ፈረቃዬ በየሳምንቱ ይቀያየራል። ደግሞ ውለታቸው አለብኝ።

እሺ ያልኩትን ባጥፍ ነውር ነው? ሥራውን ብይዝስ የእነሱ አባል ሆንኩ ማለት ነው? እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። ሌላው፣ ለማክሰኞው ምሳ ገንዘብ እንዲገኝ «ቡና ላፍላ፣ ቶምቦላም እናውጣ» ብል ፊታቸው ቅጭም አለ። ምን አጠፋሁ?

ጉለሌ

እህቴ፣ እኔም በሌላ ከተማ ካሉት ጋር ስምንት ዓመት ቆይቻለሁ። ሴትዮዋ «አስቢበት» ያሉሽ የምራቸውን ነው። እኛ ጋ «አስቢበት» ማለት «እሺ በይኝ» ነው። እነሱ ጋ ቤትሽ ገብተሽ፣ ሳምንትም ይሁን ሁለት ሳምንት አስበሽ፣ «አይ» ልትዪ ትችያለሽ ማለት ነው። ወዲያው እሺ ያለ ሰው እንዲያውም ትንሽ ያሳስባቸዋል።

አስመራጭ ኮሚቴ ሲባል ምርጫ የሚያካሂዱ እንዳይመስልሽ። ድምፅ መስጠት የሚባል ነገር የላቸውም። ሥራውን ያያሉ፣ ሰውን ያያሉ፣ ለማን ይስማማል ብለው ይቀመጣሉ። ከዚያ ስሙን ለስብሰባው ያቀርባሉ። ስብሰባው ተቀብሎ ቃለ ጉባኤ ላይ እስኪሰፍር ድረስ ሥራው የማንም አይደለም። ስለዚህ ያጠፍሽው ቃል የለም። ደውዪና «ቸኩዬ ነው የመለስኩት» በያቸው።

የእኔን ልንገርሽ። በይሉኝታ የሕንፃ ኮሚቴ ገባሁ። ጥር ላይ ቦይለሩ (ቤቱን የሚያሞቀው) ተበላሸ። ጠጋኝ የምፈልግ እኔ፣ ዋጋ የማወዳድር እኔ፣ እሑድ ከሁሉ ቀድሜ ገብቼ የምለኩስ እኔ። ሰዉ በዝምታው ውስጥ እግዜርን ሲያዳምጥ እኔ የማዳምጠው ቦይለሩን ነበር። እሱ ጓ ሲል የኔም ልብ ጓ ይላል። በስድስተኛው ወር ለክለርኳ ጻፍኩ (ክለርክ የሚሏት ስብሰባውን የምትመራውና ቃለ ጉባኤ የምትይዘዋ ናት)። በሚቀጥለው ስብሰባ አመስግነው ለቀቁኝ። የተቆጣ የለም። አንድ ሰው ብቻ «ምነው ቀድመህ ብትነግረን» አለኝ፤ እውነቱን ነው።

እሺ ከማለትሽ በፊት ጠይቂያቸው። በወር ስንት እሑድ ነው? ወተቱን ማን ይገዛል? ፈረቃ የያዘሽ ዕለት ማን ይተካሻል? ከማን ጋር ነው የምትሠሪው? ሦስት ዓመቱ የተለመደ ነው፣ ብዙውን ሥራ በሦስት በሦስት ዓመት ነው የሚሰጡት። ግን ድንጋይ ላይ አልተጻፈም። «ለአንድ ዓመት ልሞክር» ቢባል ያስኬዳል።

የሰንበቴዋ

ልጄ፣ ሻይ መቅዳት ሃይማኖት መለወጥ አይደለም። እነሱ እኮ ጥምቀትም ቁርባንም የላቸውም። አባል መሆን ቢያምርሽ ራስሽ በጽሑፍ ታመለክቻለሽ። ብዙ ጊዜ ሁለት ሰዎች ይመደቡና መጥተው ያናግሩሻል፣ ከዚያ የአካባቢው ጉባኤ ይወስናል። ሳታውቂው አባል የምትሆኚበት መንገድ የለም። እስከዚያ «አቴንደር» ነው የሚሉሽ፤ ብዙ ሰው ዕድሜ ልኩን እንደዚያው ይኖራል። አንዳንድ ኃላፊነት ለአባል ብቻ ይሰጣል፣ መስተንግዶ ግን ከዚያ ውስጥ አይደለም።

እኔ ራሴን ብትጠይቂኝ ቅዳሴ በዝምታ አይተካም ባይ ነኝ። ባቡሩ ሁለትም ሦስትም ቢሆን ተሳፈሪ እልሻለሁ። ግን አንቺ የጠየቅሽው ስለ ሻይ ነው። ለንስሐ አባትሽ ነግረሽ ብትጀምሪ ልብሽም ያርፋል።

ሰንበቴ ካወቅሽ ደግሞ ነገሩ እንግዳ አይሆንብሽም። ተራ አለ፣ ተራው የደረሰው ያዘጋጃል፣ አብሮ ይበላል። ልዩነቱ ቅጣት የለም። በወር አንዴ ሁሉም ከቤቱ ይዞ የሚመጣበት ምሳ ካላቸው ሽሮ ውሰጂ፣ ይወዱታል። ውስጡ ያለውን በወረቀት ጽፈሽ ከድስቱ አጠገብ አድርጊ፣ ሚጥሚጣውን ለብቻ። በጾም ወራት ግን ተጠንቀቂ፤ «ቬጀቴሪያን» ማለት የጾም ማለት አይደለም። ቅቤውም አይቡም ሊኖርበት ይችላል። «ቬጋን» የሚለውን ነው የምትፈልጊው።

የሃያ ሁለት ልጅ

ይቅርታ ግን፣ ኩዌከር አጃው አይደለም እንዴ? ቆርቆሮው ላይ ኮፍያ ያደረገ ሽማግሌ አለ።

ገንዘብ ያዧ

@የሃያ ሁለት ልጅ፣ አጃው የእነሱ አይደለም። ሰው ታማኝ ናቸው ስለሚል ኩባንያው ስማቸውንና አለባበሳቸውን ወሰደ። የእነሱ ቤተሰቦች የጀመሩት ቸኮሌቱን ነው፦ ካድበሪ፣ ራውንትሪ፣ ፍራይ። ባርክሌይስና ሎይድስ ባንክም መነሻቸው የኩዌከር ቤተሰቦች ናቸው።

ወደ ቶምቦላው ልምጣ። እህቴ፣ አላወቅሽም እንጂ አላጠፋሽም። ኩዌከሮች ቁማርን ከጥንት ጀምሮ አይወዱም፤ አንዱ የሚያገኘው ሌላው ስላጣ ነው ይላሉ። ቶምቦላም ለእነሱ ቁማር ነው፣ ሽልማቱ አንድ ፓኬት ብስኩት ቢሆን እንኳ። ከሎተሪ ገንዘብ የሚሰጥ ድርጅት እርዳታ ቢያቀርብ «እንቀበል አንቀበል» ብለው ማታውን ሙሉ ሲነጋገሩ ተቀምጬ ሰምቻለሁ። ጠጅም ለማምጣት አስበሽ ከሆነ ቀድመሽ ጠይቂ፤ ብዙዎቹ ቤቶች መጠጥ አያስገቡም።

እንዲህ አድርጊ። ቡናው በነፃ ይቀዳ። አጠገቡ ጎድጓዳ ሳህን አስቀምጪና «ለማክሰኞው ምሳ የቻላችሁትን» ብለሽ ጻፊ። ገንዘብ ያዡ ከቀኑ በፊት ይወቀው። ሲያልቅ ብቻሽን አትቁጠሪ፤ ሁለት ሰው ይቁጠር፣ ሁለቱም ይፈርም። የሚሰጠው ሰው ግብር ከፋይ ከሆነ ደግሞ የጊፍት ኤይድ ፎርም ይሙላ፤ መንግሥት በእያንዳንዱ ፓውንድ ላይ 25 ፔንስ ይጨምራል።

ወረቀት ጠባቂ

ከጥያቄው ልውጣና፣ እኔ ገና ውሳኔ እየጠበቅሁ ነው። እንግሊዝ ነኝ። እንደዚህ ዓይነት ቦታ ባገለግል ኬዜን ያበላሽብኛል?

ጉለሌ

@ወረቀት ጠባቂ፣ ለበጎ አድራጎት ድርጅት በፈቃድህ ማገልገል ይቻላል፤ ይህ ሥራ ከመሥራት ጋር አንድ አይደለም። ደመወዝ የለም፣ በደመወዝ ፋንታ የሚሰጥ ስጦታም የለም፣ የመደበኛ ሠራተኛ ቦታም አትሸፍንም። የአውቶቡስ ቲኬትህንና የምሳህን ወጪ ቢተኩልህ ችግር የለውም፣ ደረሰኙን ያዝ። «ሰዓት ፈርም፣ ካልመጣህ ትጠየቃለህ» የሚል ውል ካመጡልህ ግን ሳትፈርም ጠበቃህን አሳይ።

ናይሮቢ ነኝ

እኔ የማውቃቸው የኬንያዎቹን ነው፤ እናንተ የምትሉት ዝምታ እዚህ የለም! ፓስተር አላቸው፣ ይዘምራሉ፣ ይሰብካሉ። አሜሪካውያን ሚስዮኖች በ1902 እ.ኤ.አ. ካይሞሲ ላይ ጀመሩት፣ አሁን በቁጥር ከእንግሊዞቹ እጅግ ይበልጣሉ። ኬንያ አድጎ የመጣ ኩዌከር የዚያን አገር ዝምታ ሲያይ ሰዉ የተጣላ ነው የሚመስለው።

የሰንበቴዋ

አንድ ነገር ረሳሁ። ጣሊያን ከአገራችን ከተባረረ በኋላ፣ በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ የኩዌከሮቹ የአምቡላንስ ቡድን ወጣቶች ኢትዮጵያ መጥተው በሕክምና ሠርተዋል። ጦርነት አንሄድም፣ ጠመንጃ አናነሣም ብለው፣ በዚያ ፋንታ ቁስለኛ ማከም የመረጡ ልጆች ነበሩ። እዚያ ያሉትን ሽማግሌዎች ጠይቂያቸው፤ ወሬው አያልቅም። ውለታ ውለታ ስትዪ ነው ትዝ ያለኝ። ለእነሱ የመርዳት ነገር የቆየ ልማድ ነው። ከአንቺ የሦስት ዓመት ሻይ ይመለስልናል ብለው አይደለም ምሳ ያበሉሽ።

ቡና ቁርስ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ እትዬ የሰንበቴዋ በተለይ እርስዎን። ሦስት ሳምንት ጠፋሁ፤ የሆነውን ልንገራችሁ።

ደወልኩ። ሴትዮዋ አልከፋቸውም። «በመደወልሽ ደስ ብሎኛል፣ ፊትሽ ልክ አልነበረም» አሉኝ። ለካ ገብቷቸው ኖሯል! የወሩን የመጀመሪያ እሑድ ብቻ፣ ለአንድ ዓመት፣ ከአንድ ጡረተኛ መምህር ጋር እንድይዝ ተስማማን። ወተቱን እሳቸው ይገዛሉ።

ቡናውንም አፈላሁ። ወጥ ቤት ውስጥ ቆልቼ ሳበቃ ዕጣን ጣል ባደርግ የእሳት አላርሙ ጮኸ። ያለው ሰው ሁሉ ወደ ግቢ ወጣ። እኔ ማቅለሽለሽ እስኪመጣብኝ ደነገጥኩ። እነሱ ግን ዝም ብለው ቆሙ፤ ዝም ማለቱን እንደሆነ ተክነውበታል። አንዱ አላርሙን አጠፋ፣ ሌላው ጠረጴዛ አወጣ፣ ቡናው ደጅ ሆነ። አንድ ሽማግሌ አቦል ጠጥተው ሊነሡ ሲሉ «ገና ሁለት ይቀራል» አልኳቸው። ተመልሰው ተቀመጡ። በረካ እስኪደርስ ስኒያቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው አንድ ቃል አልተነፈሱም። ቡና ላይ ዝም የሚል ሰው አይቼ አላውቅም፤ እኔው ነኝ ሳወራ የነበርኩት። ሳህኑ ውስጥ 86 ፓውንድ ተገኘ፣ ሁለት ሆነን ቆጠርን።

ከዚያ በወሩ ስብሰባቸው ላይ ስሜ ቀረበ። እንግዲህ ይኼን ማየት ነበረባችሁ። ክለርኳ እዚያው እየጻፈች፣ ሁሉም ጸጥ ብሎ ይጠብቃታል። ስትጨርስ ታነብባለች፣ ከዚያ ከየወንበሩ «ሆፕ ሶ» ይላሉ። እኔ «ተስፋ እናደርጋለን» ሲሉ ተጠራጥረውኛል ብዬ ነበር፤ መስማማታቸው ነው አሉኝ። ስታነብ ታዲያ ስሜን አሳስታዋለች። ማረም የሚቻለው ከመጽደቁ በፊት እዚያው ስለሆነ ተነሣሁና ፊደል በፊደል ነገርኳት። አረመችው፣ እንደገና አነበበችው፣ «ሆፕ ሶ»።

አሁን የቀረኝ ችግር ጀበናዬ ነው፤ በዚያ ግርግር አንገቷ ተሰነጠቀ። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን እንግሊዝ የሚመጣ ሰው ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።