ቀበና ወንዝ ውስጥ የተከልኩት ቱቦ ውሃ አይዝም፣ ሌላው ደግሞ ጭራሽ አይወርድም! እባካችሁ ቶሎ

ጠያቂው፦ ሰላም ቤተሰብ። አሁን ቀበና ድልድይ አጠገብ ወንዙ ውስጥ ቆሜ ነው የምጽፈው። የወንዙ ወለል ውሃ ምን ያህል እንደሚያሳልፍ ልለካ ሦስት የፒቪሲ ቱቦ ወለሉ ውስጥ ተክያለሁ፣ ሁሉም 40 ሴንቲ ገብተዋል። ውሃ እሞላና ሲወርድ በስልክ ሰዓት እይዛለሁ። ሁለቱ በ20 ሰከንድ ከ90 ሴንቲ ወደ 45 ወረዱ። ሦስተኛው አንድ ሰዓት ሞላው፣ ንቅንቅ የለም። የቱን ልመን? ነገ ጠዋት አማካሪዬ ቁጥር ይጠብቃል።

ውሃ ወዳድ፦ ከመሠረቱ እንነሳ ወንድሜ። ፈረንሳዊው ሄንሪ ዳርሲ እ.ኤ.አ. በ1856 ያሳተመው የአሸዋ ሙከራ እኮ ዛሬም የምንሠራበት ነው። በአሸዋ ውስጥ የሚያልፈው ውሃ የከፍታው ልዩነት ሲጨምር ይጨምራል፣ የአሸዋው ርዝመት ሲጨምር ይቀንሳል። የቀረውን የሚወስነው አፈሩ ነው። በንጹህ ጠጠርና በሸክላ አፈር መካከል ያለው ልዩነት ከሚሊዮን እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ አንድ ወንዝ ውስጥ ሦስት ቱቦ ሦስት መልስ ቢሰጥህ አይግረምህ።

የሰፈሩ ልጅ፦ ሦስተኛው ተደፍኗል። በፓምፕ ምጠጠው።

ማርታ ጂኦ፦ ኧረ አይነካካ! ቱቦው ውስጥ ያለው አፈር እኮ የምትለካው ራሱ ነው። ጠርገህ ካወጣኸው ምኑን ልትለካ ነው? ይልቅ 90 ያልከው ከየት ጀምሮ ነው? ወንዙስ እዚያ ጋ ምን ያህል ይጠልቃል?

ጠያቂው፦ ከወንዙ ወለል። ጥልቀቱ 30 ሴንቲ ነው።

ማርታ ጂኦ፦ ስህተቱ እሱ ነው። ከወንዙ ውሃ ፊት በላይ ያለውን ብቻ ነው የምትይዘው። ስለዚህ ከ60 ወደ 15 ነው የወረደው። ቱቦው የገባበትን 40 ሴንቲ ለ20 ሰከንድ አካፍል፣ 60 ለ15 ሲካፈል 4 ነው፣ በ4 ናቹራል ሎግ (ካልኩሌተር ላይ ln የሚለው) አባዛው። በሰከንድ 2.8 ሴንቲ ገደማ ይመጣል። ይሄ የንጹህ ጠጠር ቁጥር ነው። ቆመህበት ያለው ግን ዝቃጭ ከሆነ ውሃው በቱቦው ጎን እያመለጠ ነው ማለት ነው። የኬክ ቀለም ጨምርበት። ቀለሙ ወዲያው ከቱቦው ሥር ዙሪያ ከወጣ ንቀለውና ሳታወዛውዝ ሌላ ቦታ ትከል። ሦስተኛውን ደግሞ ዜሮ ብለህ እንዳትጽፍ። በአንድ ሰዓት አንድ ሚሊ እንኳን ካልወረደ፣ በሰከንድ ከ0.00002 ሴንቲ በታች ነው ብለህ ጻፍ። እሱም መልስ ነው።

አብዲ፦ ይቅርታ ግን ጥያቄው ራሱ ጎዶሎ ነው። ወለሉ ውሃ ያሳልፋል ማለት ወንዙ ከከርሰ ምድር ይቀበላል ማለት አይደለም። ምንም ሳትሞላ ቱቦውን ተወውና ውስጡ ያለው ውሃ እስኪረጋ ጠብቅ። ከወንዙ ከፍ ካለ ከሥር ወደ ላይ እየመጣ ነው፣ ዝቅ ካለ ወንዙ እየሰረገ ነው። ልዩነቱን ለ40 አካፍለህ በማርታ ቁጥር ስታባዛው ነው ልውውጡን የምታገኘው። ያለዚያ ግማሽ ሥራ ነው የያዝከው።

ሰናይት፦ የውሃውን ሙቀትም ለካ፣ የከርሰ ምድር ውሃ ቀን ከሌት ብዙ አይለዋወጥም። ፍልውሃ አካባቢ ከሄድክ ግን ተጠንቀቅ፣ እዚያ ከሥር የሚመጣው ፍል ውሃ ነው፣ ሂሳቡን ያዛባብሃል።

የሰፈሩ ልጅ፦ እኔ አሁንም በፓምፕ ይመጠጥ ነው የምለው።

ማርታ ጂኦ፦ አይሆንም አልኩህ እኮ!

እናት_አለም፦ ልጄ፣ ቁጥሩ ይደርሳል። ጓንትና ቦቲ አድርገሃል? የፍሳሽ ውሃ ነው እኮ። ደግሞ እንጦጦ ላይ ከጠቆረ ዛሬውኑ ውጣ። እናንተ ጋ ጠብታ ሳይወርድ ነው ጎርፉ ደርሶ የሚወስድህ።

ጠያቂው፦ ቦቲ አለኝ፣ ጓንት የለኝም። ቀለም ልገዛ ወደ ሱቅ እየወጣሁ ነው።

አብዲ፦ ከመውጣትህ በፊት ሦስተኛው ላይ ምልክት አድርግና ክደነው።

ማርታ ጂኦ፦ እሺ፣ ቀለሙ ምን አሳየ?

ማርታ ጂኦ፦ ወንድሜ አለህ?