እናቴ ቡና ስትለቅም ውላ ማጅራቷ አልዞር አለ፣ የትኛው ጡንቻ ነው?

የሂርማታዋ፦ ሰላም ጅማዎች። እናቴ እዚሁ ቡና ለቃሚ ናት። ከጠዋት እስከ ማታ አቀርቅራ ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ ስትለይ ትውላለች። ሁለት ሳምንት ሆናት፣ ቀኝ ማጅራቷ ደርቆ ሰው ሲጠራት በሙሉ ሰውነቷ ነው የምትዞረው። ጣቴን ይዛ ያሳየችኝ ቦታ የትከሻ አጥንቱ የላይኛው የውስጥ ጫፍ ላይ ነው፣ ስጫነው እንደ ገመድ ቋጠሮ ይሰማኛል። ጎረቤት ሁሉ ብርድ ነው፣ ወጌሻ ይሻት ይላል። እዚያ ቦታ ምንድን ነው ያለው?

የሕክምና ተማሪ፦ እግዜር ይማርልሽ። እዚያ ጋ ሁለት ጡንቻ ተደራርቧል። ላይኛው ትራፒዚየስ ይባላል፣ ነጠላ ከጀርባ ጣል እንደማድረግ አስቢው፤ ከራስ ቅል ሥር ተነስቶ እስከ 12ኛው የደረት አከርካሪ ይወርዳል፣ በጎን ደግሞ ትከሻ ላይ ያርፋል። ከሥሩ ያለው ሌቬተር ስካፑሌ ነው። ከላይኞቹ 4 የአንገት አከርካሪዎች ተነስቶ ልክ እናትሽ ያሳዩሽ ጫፍ ላይ ይያያዛል። ትከሻን ወደ ላይ ይስባል፣ አንገትንም ወደ ራሱ ጎን ያዞራል። ጭንቅላት ወደ 5 ኪሎ ይጠጋል። ቀና ሲሉ አጥንቱ ይሸከመዋል፣ ሲያቀረቅሩ ግን ወደ ፊት እንዳይወድቅ የማጅራት ጡንቻዎች ናቸው ቀኑን ሙሉ ጎትተው የሚይዙት። 5 ኪሎ ስኳር እጅሽን ዘርግተሽ ያዢና እዪው።

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፦ ወጌሻ አንገታቸውን እንዳይጠመዝዝ፣ እባክሽ! በአንገት አጥንቶች ውስጥ ወደ አንጎል የሚሄድ የደም ሥር ያልፋል። በሙቅ ውኃ የተነከረ ፎጣ ያድርጉበት፣ ከዚያ ቀስ ብለው አገጫቸውን ወደ ግራ ብብታቸው ዝቅ አድርገው 20 ሰከንድ ይቆዩ። ትኩሳትና ከባድ ራስ ምታት ከመጣ ግን ማጅራት ገትር ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ውሰጃቸው።

እማማ ቡና፦ ልጄ፣ እኔም ስንት ዓመት ለቅሜያለሁ። ሰፌዱን ጭኗ ላይ አታድርገው፣ ሳጥን ላይ ከፍ ታድርገው። እኔን ያሻረኝ እሱ ነው። ደግሞ አንድ ሰፌድ ስትጨርስ ትነሳ፣ አለቃ ቢቆጣም ትነሳ።

የሂርማታዋ፦ እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሳጥኑን ነገ ይዛ ትሄዳለች። አንድ የረሳሁት ነገር፣ ከትናንት ወዲህ አውራ ጣቷንና ሌባ ጣቷን ይደነዝዛታል፣ ሲኒም ከእጇ አምልጧታል።

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፦ እንግዲያው ነገሩ የጡንቻ ብቻ ላይሆን ይችላል። ወደ እነዚያ ጣቶች የሚሄደው ነርቭ ከአንገት ነው የሚወጣው፣ እዚያው ተጭኖ ሊሆን ይችላል። ማሳሳቡን አቁሙና ነገ ጠዋት ሐኪም ጋ ይዘሻቸው ሂጂ፣ ሲኒው ማምለጡንም ንገሪያቸው።