አምስት ኩንታል ድንጋይ ያለ ማሽን እንዴት ይንቀሳቀሳል?

ጥያቄ፦ ሰንዳፋ አካባቢ ነኝ። የቤቴ መሠረት ሲቆፈር አራት ጥቁር ድንጋዮች ወጡ። ግንበኞቹ «ፈልጠን ለግንብ እናውላቸው» ቢሉኝም ልቤ አልፈቀደም፤ የትልቁ ከመሬት በላይ የነበረው ጎኑ ሽበት የመሰለ ነገር አብቅሏል። ጽጌረዳው አጠገብ ላኖራቸው ነው። ትልቁ 90 በ70 በ50 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ርቀቱ 20 ሜትር። በሩ ማሽን አያስገባም። ከሁለት ወንድሞቼ ጋር እንችለዋለን?

ግንበኛ፦ ልኬቶቹ ሲባዙ 0.315 ሜትር ኩብ ይሆናሉ፤ ድንጋይ ሣጥን አይደለምና 60 በመቶውን ይያዙ። አንድ ሜትር ኩብ ጥቁር ድንጋይ 2.8 ቶን ገደማ ስለሚመዝን አምስት ኩንታል አካባቢ ነው። ባሬላ የማይታሰብ ነው። መሸከሙን ይርሱት፣ ይፈንቅሉት። የ1.5 ሜትር መፈንቀያ ብረት ከሥሩ አስገብተው፣ ከጫፉ 15 ሴንቲ ሜትር ላይ ጠንካራ እንጨት ቢያስደግፉለት ጉልበትዎ ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። የሚነሣው አንድ ጠርዝ ብቻ ስለሆነ 28 ኪሎ ያህል መጫን ይበቃል። ከፍ ባለ ቁጥር ሥሩ እንጨት ይወሸቅ፣ በዱላ እየተገፋ እንጂ በእጅ አይደለም!

የለገጣፎ ነዋሪ፦ እኛ ጣውላ ዘርግተን፣ ክንድ በሚያህሉ አምስት የባሕር ዛፍ ግንዶች ላይ አንከባለልነው። ከኋላ የተለቀቀውን ግንድ እያነሡ ወደ ፊት ማስቀደም ነው። ግማሽ ቀን ፈጀብን፤ አብዛኛው ግን የትኛው ፊቱ ወደ በሩ ይዙር በሚል ክርክር ያለቀ ነው።

ሌላ አባል፦ ቁልቁለት ካለ ግንዱ ይቅርባችሁ። እኔ የእግሬን አውራ ጣት ጥፍር ያጣሁት በዓይን በማትታይ ዝንባሌ ነው። ግድ ከሆነ ከኋላ ገመድ በዛፍ ላይ ጠምጥማችሁ ቀስ እያላችሁ ልቀቁ፤ ከታች በኩል ማንም አይቁም።

ጠያቂዋ፦ ቦታው ሜዳ ነው፤ አፈሩ ግን መረሬ። ክረምቱ እስኪያልፍ ልጠብቅ?

ግንበኛ፦ እህቴ፣ እንዲያውም ዝናቡ ሳይገባ ይጨርሱ። መረሬ ከራሰ ጣውላውንም ይውጠዋል። ደግሞ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ድንጋዩን ያጋድልብዎታል። ስለዚህ 30 ሴንቲ ሜትር ቆፍረው ጠጠር ይደልድሉ፤ የድንጋዩ ሲሶ መሬት ውስጥ ሲገባ እዚያው የበቀለ ይመስላል። ገመድ ሲያስሩበት ከሥሩ ጆንያ ያድርጉ፤ ያ የወደዱት ሽበት በቀላሉ ይፋቃል።