ዴቪድ ደን እንዲህ መሞት ነበረበት? («ግላስ»፣ መጨረሻውን ያላያችሁ እለፉት)

አረንጓዴ ካፖርት፦
ሦስቱንም በተከታታይ አይቼ ጨረስኩ። «አንብሬከብል» (እ.ኤ.አ. 2000)፣ «ስፕሊት» (2016)፣ ከዚያ «ግላስ» (2019)። ንዴቴ አልበረደም። ዴቪድ ደን እኮ 131 ሰው ካለቀበት የባቡር አደጋ ጭረት እንኳ ሳይነካው የወጣ ሰው ነው። ዳይሬክተሩ ሺያማላን 19 ዓመት አስጠብቆን ምን አደረገው? የአእምሮ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ፣ አስፋልት ላይ ባቆረ ውሃ ፊቱን አስደፍቆ አስገደለው። ገዳዩ ደግሞ ስሙ እንኳ የማይታወቅ አንድ ታጣቂ! ልጁ ጆሴፍ እዚያው ግቢ ውስጥ እያለ።

ውሃ ድክመቱ መሆኑን አውቃለሁ። የመጀመሪያው ፊልም ላይ ገንዳ ውስጥ ሊሰጥም እንደነበረ አታስታውሱኝ። ግን ዴቪድን የሚጫወተውን ብሩስ ዊሊስን የሚያህል ሰው በኩሬ?

ሐምራዊ፦
ወንድሜ፣ ፊልሙ በማን ስም እንደተጠራ እየው እንጂ። የዴቪድ ታሪክ ነው ብለህ ስለገባህ ነው የተናደድከው። «ሚስተር ግላስ» የሚባለው ኤላይጃ ማን አሸነፈ ማን ተሸነፈ ጉዳዩ አይደለም። እሱ የሚፈልገው ዓለም እንዲያይለት ነው። ኦሳካ ታወር የተባለው ሕንጻ ላይ ይፋለማሉ ያለው ማዘናጊያ ነበር። ሆስፒታሉ እሱን ሊጠብቅበት የተከላቸውን ካሜራዎች ለራሱ ቀረጻ ተጠቀመባቸው፣ ምስሉንም ወደ ውጭ አስተላለፈው። የኬቨን (አውሬውን ጨምሮ ብዙ ማንነት ያለው ሰውዬ) አባትም የሞተው ኤላይጃ ባደረሰው በዚያው የባቡር አደጋ ነው። ጀግናውንም አውሬውንም የፈጠረው እሱ ራሱ ነው ማለት ነው። ከዚህ በላይ ምን መጨረሻ ትፈልጋለህ?

ሃያ አራተኛው፦
የሕንጻ ላይ ፍልሚያ አለመኖሩ እኔንም አላናደደኝም። ፊልሙ የተሠራው በ20 ሚሊዮን ዶላር ነው፣ ያውም ከዳይሬክተሩ ኪስ። እኔን ያቃጠለኝ ያ ልዩ ኃይል ያላቸውን ሰዎች በድብቅ የሚያጠፋው ባለ ሦስት ቅጠል ንቅሳት ማኅበር ነው። ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ከየት መጣ? የሆስፒታሉ የሥነ አእምሮ ሐኪም ዶክተር ስቴፕል ብትሆን፣ ኃይላቸውን በዓይናችን ያየንላቸውን ሰዎች «ቅዠት ነው» እያለች ስንት ሰዓት ታደርቀናለች? ኬቨንን የሚጫወተው ጀምስ ማካቮይ ባይኖር አጠፋው ነበር። መብራቱ ቦግ ባለ ቁጥር አንዴ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ አንዴ ፓትሪሺያ የምትባል ሴት... ሰውየው ጉድ ነው!

አረንጓዴ ካፖርት፦
ሐምራዊ፣ የካሜራው ነገር ጥሩ ነው እሺ። ግን ኤላይጃ እንዲያሸንፍ ዴቪድ ለምን ጅል ይሆናል? ይሄ ሰው ሲነካህ ኃጢአትህን የሚያይ ነው። ስቴፕልን የሚነካት ግን ሊሞት ሲል ነው፣ እሷው ራሷ እጇን ሰጥታው! ከዚያ በፊት ለምን አልሞከረም?

ሐምራዊ፦
በምን እጁ? ክፍሉ ዙሪያውን የውሃ መርጫ ተገጥሞለታል። ሦስቱን አንድ ላይ ያነጋገረቻቸው ጊዜ ደግሞ በሰንሰለት ታስረው ነበር። ሴትዮዋ ማንን እንደያዘች በደንብ ታውቃለች።

ሃያ አራተኛው፦
ካወቀች ታዲያ ያን ሁሉ ሰዓት ምን አስለፈለፋት?