የሰኔው የሽልማት ቀን፦ መምህራንና ሠራተኞችም ይካተቱ ብለናል

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የምናስተምር ነን። ዘንድሮ በወላጆች ቀን ከተማሪዎች ሌላ መምህራንንና የአስተዳደር ሠራተኞችንም ልንሸልም አስበናል። ቅሬታ እንዳይነሳ ከምን እንጀምር?

ሆምሩም (የክፍል ኃላፊ መምህር)፦ ከሮስተር፣ ማለትም የክፍሉ ተማሪዎች ውጤት ሁሉ ከሚሰፍርበት ቅጽ። ደረጃ የሚወሰደው ሆምሩሙ ከፈረመበት ሮስተር ብቻ ነው፤ ሬከርድ ክፍልም (የተማሪዎች ማህደር የሚያዝበት ቢሮ) ድምርና አማካዩን ደግሞ ያስላው። በየክፍሉ 3 ሽልማት ብቻ አትግዙ። ሁለት ተማሪዎች እኩል 3ኛ ከወጡ 4 ያስፈልጋል፤ አለዚያ አንዱ ልጅ ወላጆቹ ፊት ባዶ እጁን ይወርዳል። የምስክር ወረቀት ከመታተሙ በፊት የስም ዝርዝሩን በየክፍሉ ለጥፉና ተማሪዎቹ ራሳቸው ያርሙት። «ኃይሉ» «ሀይሉ» ሆኖ ከታተመ በኋላ ማስተካከያው ሌላ ወረቀት፣ ሌላ ማኅተም፣ ሌላ ፊርማ ነው።

የወመህ (የወላጅ መምህር ኅብረት) አባል፦ መምህራንን ርዕሰ መምህሩ ብቻውን ከመረጠ ቅሬታው አይቀርም። ኮሚቴው ውስጥ መምህራን፣ ወላጆችና ተማሪዎች ይግቡ፤ መስፈርቱም መስከረም ላይ ይለጠፍ። በተማሪ ውጤት ብቻ አትመዝኑ፤ ጎበዞች የተሰበሰቡበትን ክፍል የያዘ መምህር ሁሌም ያሸንፋል። ማጠናከሪያ ትምህርት፣ የላብራቶሪ ሥራና የክበብ ተሳትፎም ይቆጠር። ጥበቃና ጽዳት ሠራተኞችን «ለአገልግሎትዎ» ብላችሁ አትለፉ፤ የሠሩትን በስም ጠርታችሁ አንብቡላቸው። ይህ ከስጦታው ይበልጣል።

ሬከርድ ክፍል፦ የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ውጤት ሰኔ ላይ አይደርስም። ለእነሱ ትምህርት ሲከፈት ሌላ ቀን ያዙ። ከመጀመሪያው ሴሚስተር ይልቅ በሁለተኛው በጣም ያሻሻሉትንም አትርሱ። በተረፈ ሰኔ ዝናብ ነው፤ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ጀምሩ።