የጎርፍ መውረጃ ቦዮች ጥገና፦ ለከተማ አስተዳደሩ የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ (ረቂቅ ለውይይት)

የረቂቁ አዘጋጅ፦
የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ለከተማ አስተዳደሩ የምናስገባው ጽሑፍ «አዲስ ቦይ ይሠራልን» ከሚለው የተለመደ ጥያቄ ይልቅ ያሉት ቦዮች በሚጠረጉበት ወቅት ላይ እንዲያተኩር ሐሳብ አቀርባለሁ። የመንግሥት በጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነው፤ በጎንደር ክረምቱ የሚበረታውም በሐምሌና በነሐሴ ነው። ስለዚህ የጠረጋው ገንዘብ ከአዲሱ በጀት የሚጠበቅ ከሆነ፣ ግዥውና ውሉ እስኪያልቅ ድረስ ጎርፉ ያልፋል። ጠረጋው በተያዘው ዓመት በጀት፣ በሚያዝያና በግንቦት እንዲጠናቀቅ መጠየቅ ይኖርብናል። ከቦዩ የወጣው ደለል ዳር ላይ ተከምሮ በመጀመሪያው ዶፍ ተመልሶ እንዳይገባም፣ በወጣበት ዕለት ተጭኖ እንዲነሣ በውሉ ውስጥ ይጻፍ። ይህ ነጥብ ትንሽ ይመስላል እንጂ የጠራጊው ድካም ሁሉ ከንቱ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ከቀሃ ወንዝ ዳር ያሉ አባል፦
በወቅቱ ጉዳይ ከእርስዎ ጋር እስማማለሁ፤ ሆኖም ረቂቁ ስለ ውሃው መጠን ምንም አለማለቱ ያሳስበኛል። አሮጌው ከተማ በቀሃና በአንገረብ ወንዞች መካከል ባለ ከፍታ ላይ የተቆረቆረ በመሆኑ፣ ላይ የሚሠራው ሥራ ሁሉ ታች ያለነውን ይነካናል። በ1 ሄክታር መሬት ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 300 ሜትር ኪዩብ ውሃ ይወርዳል፤ መሬቱ ሣርና ዛፍ ካለው ብዙው ይሰርጋል፣ ቆርቆሮና አስፋልት ከሸፈነው ግን አብዛኛው ወዲያው ቦይ ይገባል። የላይኛው ቦይ ሰፍቶ የታችኛው ቱቦ እንደነበረ ከቀረ፣ ጎርፉ ወደ እኛ ደጅ ተዛወረ እንጂ አልተቃለለም። ስለዚህ መንገድ ከመነጠፉ በፊት ውሃው እስከ ወንዙ ድረስ የሚያልፍበት መስመር በሙሉ እንዲሰላ ይጠየቅልን።

ሌላ አባል፦
የእኛም ግዴታ በጽሑፉ ይካተት። በየደጃችን ያለውን ቦይ በፌስታልና በፕላስቲክ ጠርሙስ እየደፈንን አስተዳደሩን ብቻ መጠየቅ አንችልም፤ ለጥምቀት የዐፄ ፋሲል መዋኛ የሚሞላውም ከቀሃ በተጠለፈ ውሃ ነውና ወደ ወንዙ የሚገባው ቆሻሻ ሁላችንንም ይመለከተናል። በአንገረብ በኩል ደግሞ ከተራቆተው ተዳፋት የሚታጠበው አፈር ከተማዋ የምትጠጣበትን ግድብ በደለል እየሞላው በመሆኑ፣ የእርከንና የችግኝ ሥራ ከጎርፍ መከላከሉ ጋር በአንድ ዕቅድ እንዲያዝ እጠይቃለሁ።

የረቂቁ አዘጋጅ፦
ሁለቱንም ተቀብዬ አስገብቻለሁ። የእርከኑን ሥራ ግን በተለየ አንቀጽ አድርጌዋለሁ፤ ዓመታት የሚፈልግ ስለሆነ ከዘንድሮው ጠረጋ ጋር ከተቀላቀለ አስቸኳዩ ሥራ አብሮ እንዳይዘገይ እሰጋለሁ። የተዘጉ ቱቦዎችንና መተላለፊያዎችን በየሰፈራችሁ ለይታችሁ፣ የቦታውን መጠሪያና ውሃው የሚወጣበትን ወንዝ ጽፋችሁ ላኩልኝ፤ ከደብዳቤው ጋር በአባሪነት እናያይዘዋለን።